ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት

ከፍኖተ ሰላም ዳር የሚኖሩት የእናቴ ጓደኛ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ሲገዙ ሙቀት መለኪያውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። የክብሪት ሳጥን የምታህል ነገር ናት። ባትሪ እንዳትጨርስ ትተኛለች፤ በየሩብ ሰዓቱ ነቅታ ሙቀቱን ከተማ ሱቄ ውስጥ ወዳለው መቀበያ በአየር ትልክና ተመልሳ ትተኛለች። እኔ ደግሞ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አወጣዋለሁ። ያን ጊዜ ጉራዬ አይጣል ነበር። «እትዬ፣ ከእንግዲህ በእጅ መዳሰስ ቀረ፤ ስልክዎን ይመኑ። ዓለም ሁሉ እኮ ያየዋል!» አልኋቸው።

ማሽኑ ውስጥ ከነበረው እንቁላል ግማሹ የጎረቤት አደራ ነበር፤ በከሰል ምልክት አድርገውበታል።

እንቁላሉ ሊፈለፈል አምስት ቀን ሲቀረው ለሥራ ቡሬ ሄድሁ። እኩለ ቀን ላይ ገጹን ብከፍት ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ይላል። ትናንትም ያው ነበር። ሙቀት ደግሞ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሳይል አይውልም። ደወልሁ።

«እትዬ፣ ማሽኑ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እኛ ሰፈር መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም እንጂ።»

«የለም? እንቁላሉን ነክተውታል?»

«ነክቸዋለሁ፤ ቀዘቀዘብኝ። ኋላ ስልኩን ባይ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት አለኝ። እጄ ነው የሳተ ብዬ ተውሁት።»

መለኪያዋ የት እንዳለች ጠየቅሁ።

«እዚያው ናት፤ ከትናንት ወዲያ ጣሳ ደፍቸባታለሁ። ዓለም ሁሉ ያየዋል አላልኸኝም? ያገር ዓይን ያረፈበት እንቁላል ይፈለፈላል ብለህ ነው?»

ጣሳው መልእክቷን አፍኖታል። በእሳቸው አልፈርድም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ገጹ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረኝ፣ አዲስ ቁጥር ካልመጣ የመጨረሻውን እንዲያሳይ አድርጌው ነበር። የመጣበትን ሰዓት እንኳ አልጻፍሁበትም። ጋቢ ያልብሱት፣ ፍል ውኃ በጠርሙስ ያስገቡበት እያልሁ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ መንገዱ አላልቅ አለኝ።

መብራቱ የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ መጣ። በመፈልፈያው ቀን ማሽኑን አብረን ከፈትን። የሚንጫጫ የለም። ሁለት ቀን ጨምረን ጠበቅን። እትዬ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ዳበሱ፤ የከሰል ምልክት ያለባቸውን ለብቻ ለዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ስልክህ ምን ይላል?» አሉኝ።

ገጹን ከፈትሁት። ቁጥሩ አዲስ ነው፤ አሁን ሰዓቱም ከሥሩ ተጽፏል። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት። እውነት ነበር፤ ላነብላቸው ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።