ሻወር ቤት ወድቄ "ደህና ነኝ" ያልኩበት ቀን

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ጅግጅጋ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ ፊቴ ይግላል። በዕድሜ የምትመስሉኝ ሰዎች ብታነቡት ይጠቅማችሁ እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከደሴ ተመድቤ ጅግጅጋ ከመጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ባለቤቴን የቀበርኩትም እዚሁ ነው። የምኖረው ከልጄ ከቢኒያምና ከሚስቱ ከሰላማዊት ጋር ነው። ቢኒያም እስከ ድንበሯ ከተማ ድረስ የቶጎጫሌ መስመር ሚኒባስ ይነዳል፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው።

በዚያ ሰሞን ልጄ የሻወር ቤታችንን ወለል ሴራሚክ አስነጥፎት ነበር። ያምራል፤ ውሃ ሲነካው ግን ያሙለጨልጫል። ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ሊያስገጥምልኝ ሲል "ምነው፣ ሽባ ሆንኩ እንዴ?" ብዬ ተቆጣሁት። እሱም ተወው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገላዬን ልታጠብ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ሳሙና ላነሳ ጎንበስ ስል እግሬ ከዳኝና በጎኔ ወደቅሁ። የዳሌዬን ሕመም እንዲህ ነበር ብዬ ልነግራችሁ አልችልም።

ሰላማዊት ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

"አባባ! ምን ወደቀ? ደህና ነዎት?"

ራቁቴን ነኝ። ቤት ውስጥ ያለችው ምራቴ ብቻ ናት። እንዲህ ሆኜ ከምታየኝ ብሞት ይሻለኛል አልኩ በልቤ።

"ባልዲው ነው። ደህና ነኝ፤ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" አልኳት።

አምናኝ ሄደች። ልነሳ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ፎጣው በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አልደርስበትም። ባልዲው ግን አጠገቤ ነበር። እየታጠብኩ እንዲመስላት በጆግ ውሃ እየቀዳሁ ወለሉ ላይ አፈስ ጀመር። ውሃው በሥሬ ሲያልፍ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ደጋግማ ጠራችኝ፤ እኔም ደጋግሜ "መጣሁ" አልኳት።

እንዲህ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ጎረቤታችን ሆዳን መጣች። ሆዳን ባሏ የሞተባት የሶማሌ ሴት ናት። አማርኛዋ ውስጥ "አንቱ" የሚባል ነገር የለም፤ እኔንም በቋንቋዋ "መዓሊን"፣ መምህር ማለት ነው፣ ብላ ነው የምትጠራኝ። የውሃውን ድምፅ ሰምታ ኖሮ በሩ ጋ መጥታ ቆመች።

"መዓሊን፣ ውሃ በቦቴ እየተገዛ ማን ነው እንዲህ የሚታጠበው? ወድቀሃል አይደል?"

ጆጉን አስቀመጥኩ።

"አባቴም እንዲህ ነበር። ወደቀ፣ ዝም አለ። እንካ፣ ልበስ። እኛ አናይም።"

ትልቁን ሻርፗን በበሩ አናት ወረወረችልኝ። ተሸፈንኩ። የቆርቆሮውን በር በትከሻዋ ገፍታ መቀርቀሪያውን ነቀለችው። ከሰላማዊት ጋር ሆነው ፍራሽ ላይ አጋድመው ሲያወጡኝ ሁለቱም ዓይናቸውን ከፊቴ ዝቅ አላደረጉም። በሰፈር ሰው መኪና ሐኪም ቤት አደረሱኝ።

ዳሌዬ ተሰብሯል። ሐኪሙ "መውደቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ያን ያህል መቆየትዎ ግን ሳንባዎን ጎዳው" አለኝ።

ቢኒያም ከመንገድ ተመልሶ ሲመጣ ደሙ ፈልቷል።

"ቤት ተቀምጠሽ አንድ ሽማግሌ መጠበቅ ያቅትሽ? ሲወድቅ እንዴት አትሰሚም?" ብሎ ጮኸባት።

"ጠይቄያቸው ደህና ነኝ አሉኝ" ማለት ትችል ነበር። አላለችም። አንገቷን ደፋች። እኔስ? ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። የወደቅሁት ያን ጊዜ ነው ብል ይቀላል።

በማግስቱ ጠያቂ በተሰበሰበበት ደግሞ ያንኑ ደገመባት። ሰላማዊት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እኔ አሁንም እንደተኛሁ ነኝ። ሆዳን አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ነበርና ጎንበስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"መዓሊን፣ ነቅተሃል አይደል?" አለችኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ልጄን ጠርቼ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ እንደመለስኩላት፣ ውሃውንም እያፈሰስኩ እንዴት እንዳታለልኳት ነገርኩት። ቢኒያም ተነስቶ ሰላማዊትን ተከትሏት ወጣ። ምን እንዳላት አላውቅም። ሲመለሱ ሰላማዊት ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሾርባውን አንስታ በማንኪያ ታጎርሰኝ ጀመር።

ዛሬ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ሻወር ቤቱ መያዣ ተገጥሞለታል፤ ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ጎማ ተነጥፏል፤ ቁጭ ብዬ ነው የምታጠበው፤ በሩንም አልቀረቅርም። እኩዮቼ ሆይ፣ ከወደቃችሁ ጩኹ። ራቁትነት በአንድ ጨርቅ ይሸፈናል።

ሰላማዊት የዚያን ቀን ነገር እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይቀለኝ ነበር።