የአዝመራው አፅም

የዚያ ዓመት ክረምት ጨለማ ነበር። ዘንገና ሐይቅ በጉም ተውጦ ሳምንቱን ሙሉ አይታይም፤ ከብቱ ከበረት ሳይወጣ ይሰነብታል፤ ልብስ ከገላ ላይ አይደርቅም። የእታለማሁ ትንሹ ልጅ፣ አዝመራው፣ የሞተው ያኔ ነው፣ በሁለት ሺህ አምስት። ከአዘና ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ሲሻገር አዞ ጎትቶ አስቀረው። በጋቢውና በዱላው ተለቀሰለት፤ ፍትሐቱም ተደረገ። እናቱ እታለማሁ ግን አልወጣላትም። በሰው አገር የሞተ አፅሙ ፈልሶ ከአባቶቹ ጎን ካልገባ፣ ለእሷ ገና ሜዳ ላይ እንደወደቀ ነው። "ወንድምህን አምጣልኝ" የምትለው ታላቁን ልጇን ይኸነውን ነው፤ ሌላ ማን አላትና።

ይኸነው ድንጋይ ፈላጭ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። በተከታዩ በጋ ከአዲስ አበባ የመጡ የጥንት አጥንት አጥኚዎች ከእንጅባራ ድንጋይ ፈላጮች ቀጥረው ዓባይ በረሃ ሲወርዱ፣ እሱም ከጎረቤቱ ከእንየው ጋር ሄደ። አንድ ቀን ከቀዩ ቋጥኝ ውስጥ ረጅም አፍ ከነጥርሱ፣ ከኋላውም የሰውነቱ አጥንት ብቅ አለ።

"እንየው፣ አገኘሁት" አለ ይኸነው።

"እንግዲህ የወንድምህን ገዳይ ፍርድ ቤት አቅርበው። ምስክር እኔ ነኝ።"

የአጥኚዎቹ መሪ ቤዛዊት የምትባል ወጣት ናት። ሰምታ መጣች።

"አያ ይኸነው፣ ይኼ አዞ አይደለም።"

"አፉ የአዞ፣ ጥርሱ የአዞ። ምን ጎደለው?"

"አፍንጫው። የአዞ አፍንጫ ከአፉ ጫፍ ላይ ነው። የዚህ ይኸውልዎ፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ዓይኑ አጠገብ ነው። ፋይቶሰር ይባላል። ኑሮው እንደ አዞ ስለነበር መልኩ አዞ መሰለ እንጂ ምድቡ ሌላ ነው። ትሪያሲክ የሚባለው ዘመን ሲያልቅ ዘሩ ጠፋ፤ ያኔ ሰው የሚባል አልነበረም።"

"ሆዱ ዘንድ ያሉት ትንንሾቹስ? የጣት አጥንት ናቸው።"

"የበላው እንስሳ ነው። ይንኩት፣ ድንጋይ ሆኗል። የወንድምዎ አጥንት በአንድ ክረምት ድንጋይ አይሆንም።"

"እግዜር ካለ ይሆናል" አለ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ትንንሾቹን አጥንቶች በኩታው ቋጥሮ ጠፋ። አገሩ ገብቶ "አዝመራው ነው" ብሎ ሲሰጣት፣ እታለማሁ ቋጠሮውን ከደረቷ አላወርድም አለች። ካህናት ተጠሩ፤ አፅሙ ከአባቱ መቃብር ጎን ተቀበረ። ያን ሰሞን እህል ቀመሰች፤ ጎረቤትም "ፊቷ ተፈታ" አለ።

ነገሩን ያወጣው እንየው ነው፣ ጠላ ቤት፣ ለሳቅ ብሎ። "የአውሬ አጥንት በጸሎት ቀበርን እኮ" አለ። ወሬው ከእናቲቱ ጆሮ ሲደርስ ልጇን ጠራችው።

"ወንድምህ ነው?"

ይኸነው መሬት መሬቱን አየ። "እኔስ እሱ ነው ብዬ ነበር፣ እናቴ።"

"ቆፍረህ አውጣልኝ። ልጄን አውሬ በላው፤ መቃብሩንም ለአውሬ አልሰጥም።"

ጉድጓዱን በገዛ እጁ ከፈተው። አጥንቶቹን ወደ አጥኚዎቹ እንዲመልስ ለእንየው ሰጠና፣ እናቱን ሳይሰናበት ወጣ። ይኸነው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በሁለት ሺህ ሰባት ጥር ነው፤ ከአዘና በታች፣ ዓባይ ዳር፣ አሸዋውን በእጁ ሲጭር።