መቃብሩን የማያውቅ መርዶ

ልጄ ስልኳን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ግቢው ውስጥ ማሽላ እያበጠርኩ ነው። ድምጿ ሲጠፋብኝ ቀና አልኩ። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እማ፣ እስቲ ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ።

ሰው ሥራ ላይ እያለሁ ቁጭ በይ ሲለኝ አልወድም። ቢሆንም ተቀመጥኩ።

ሥራ ለማመልከት ብላ የከፈተችው ኢሜይል አላት፤ የመጣው በዚያ ነው። ጠበቃ ነኝ የሚል ሰው ከባሕር ማዶ ጽፎላታል። አማርኛው አማርኛ ነው፣ ግን ሰው ሲናገረው የሰማሁት ዓይነት አይደለም። ያንቺን ስም የያዘ አንድ መሐንዲስ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በመኪና አደጋ ሞቷል ይላል። ባንክ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ትቷል፣ ወራሽ አልተገኘም፣ ስማችሁ አንድ ስለሆነ አንቺ ወራሹ ሁኚና እንካፈል ይላል። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ ይጨርሳል።

ገንዘቡን እሷም አላሰበችው፣ እኔም አላሰብኩት። እኛ ያየነው ስሙን ነው። ሰውዬው ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው የባሌን ስም ነበር። የፊት ስሙ የፈረንጅ ነው፤ ስደት የወጣ ሰው ስሙን ይለውጣል ብለን አለፍነው። በኛ አገር እንዲያ የሚጠራ ሰው የባሌ ልጅ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? የባሌ ስም ደግሞ እንደ ሌላው ስም አይደለም። አያቱ በኦሮምኛ ያወጡለት የድሮ ስም ነው፤ ቆቦ ገበያ መሐል ቆመሽ ብትጣሪው ሌላ ሰው አይዞርበትም። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የወለደው ሁለት ነው። እሷን እና ወንድሟን።

ወንድሟ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ዐረብ አገር ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። ባሕሩ ዳር አይቼዋለሁ ያለን አንድ ከስደት ተመላሽ ነው የመጨረሻው ወሬ። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ጎብዬም እሄዳለሁ፣ ሮቢትም እሄዳለሁ፤ ከአውቶቡስ የሚወርድ ከሲታ ወጣት ባየሁ ቁጥር እግሬ ይቆማል። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። በየሶላቴ ግን «አላህ ይጠብቀው» እላለሁ። «አላህ ይዘንለት» የሚባለው ለሞተ ሰው ነው፤ ያንን ቃል ለልጄ ብዬው አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ወጣ። ልጄ አንብባ ስትጨርስ «አላህ ይዘንለት» አልኩ። ማን አለው እንዳልል ከኔ ሌላ የተናገረ የለም።

እሷ ጎረቤት ጠርታ ለቅሶ ልትቀመጥ፣ በሌለበት እንዲሰገድለት ልትጠይቅ ተነሳች። ያዝኳት። መርዶ እንዲህ አይመጣም አልኳት። መርዶ ሲሆን ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ገና ፊትሽን ሳትታጠቢ ደጅሽ ላይ ይቆማሉ። ብቻውን መጥቶ ለማንም አትንገሪ የሚል አርጂ አይቼ አላውቅም። መልሼ ደግሞ የባሕር ማዶ ሰው የኛን ወግ ከየት ያውቃል እላለሁ። ልጄ ለጠበቃው አንዲት ነገር ብቻ ጽፋ ላከች። የት ነው የተቀበረው?

በማግስቱ በሚኒባስ ሮቢት ሄድን፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ዘንድ። ከቤተሰቡ የቀረው ትልቅ እሱ ነውና እንቀመጥ ካለ እንቀመጣለን፣ ተዉ ካለ እንተዋለን ብለን ነው። ሁሉንም ሰምቶ ከዘራውን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጠ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ቤት የተከራየውን መምህር አስጠራው፤ የጎጃም ልጅ ነው።

መምህሩ ቆሞ እያነበበ ፈገግ ማለት ጀመረ። የኛን ፊት ሲያይ ተወው። የራሱን ስልክ አወጣ።

«እናቴ፣ ለኔም ሞቶልኛል» አለኝ።

እሱ ስልክ ላይ ያው ጠበቃ፣ ያው አደጋ፣ ያቺው ሚስት፣ እነዚያው ሁለት ልጆች አሉ። የሟቹ ስም ብቻ የሱ አባት ስም ሆኗል።

«እኔ ደግሞ ለአባቴ አንድ ነኝ» አለ። «ወንድም ኖሮኝ አያውቅም።»

ሌቦች ናቸው አለን። ስምሽን ከኢሜይልሽ ላይ ያነሱና ለሟቹ ይሰጡታል፤ በነሱ አገር ሁለተኛው ስም የዘር ስለሆነ የሩቅ ዘመድ ነው ብላ ትጓጓለች ብለው ነው። እዚህ ወንድም ላይ እንደሚያርፍ አያውቁም።

«ለኔስ ምነው ሳይመጣልኝ?» አለ የባሌ ወንድም።

«አባባ፣ አንቱ ኢሜይል የለዎትም።»

«እንኳንም አልኖረኝ። በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀውን ልጅ ልቀብር?»

ልጄ አልሳቀችም። የመምህሩ ውሸት ቢሆን የኛው እውነት ቢሆንስ እያለች እጇን ታፍተለትላለች። እዚያው እንደተቀመጥን የጠበቃው መልስ ገባ። መምህሩ አነበበልን። በሐዘንሽ አዝነናል የምትል አንዲት መስመር አለች። ከዚያ የመታወቂያሽን ፎቶ ላኪ፣ የባንክ ቁጥርሽን ላኪ፣ የሰነድ ማስጨረሻ ክፍያ አስገቢ፣ ቶሎ በይ ይላል።

ልጄ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገች።

«መቃብሩስ?» አለች።

አልነበረም። እኔ ያን ጊዜ አወቅሁ። እውነተኛ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት ማን እንዳጠበው፣ የት አፈር እንደገባ ሳይነግርሽ አይነሳም። ልጄ አለቀሰች፣ ያኔውኑ ሳቀች፣ መልእክቱን አጠፋችው። የባሌ ወንድም አልሐምዱሊላህ አለ።

«እንግዲያ ልጄ አለ ማለት ነው?» አልኩት መምህሩን።

«እናቴ፣ ይህ ሰው ስለ ልጅዎ የሚያውቀው ነገር የለም» አለኝ። «መሞቱንም፣ መኖሩንም።»

ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ልጄ ፊት ወንበር ላይ ናት። ያስጨነቁኝ ሁለቱ ልጆች ነበሩ። ደብዳቤው ስማቸውን እንኳ አልጻፈም፤ እኔ ግን ከተነበበልኝ ሰዓት ጀምሮ መልክ ሰጥቻቸው ነበር። ትልቁ የባሌን ግንባር ይዟል። ትንሿ እንደ አባቷ ቀኝ እግሯን ወደ ውስጥ አድርጋ ትራመዳለች። አሁን አልነበሩም ሲሉኝ የት ላድርጋቸው?

ዱዓዬን ልመልሰው አልኩ። ምላሴ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያኛው ቃል ነው። ያዝኩት፣ ቆየሁ፣ ከዚያ «አላህ ይጠብቀው» አልኩ። ድምፄ ሳይወጣ አልቀረም።

«አሚን» አለች አጠገቤ ያለችው ሴት። «ልጅዎ ነው እናቴ? የት ነው ያለው?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«ይግባልዎ። ወልዷል?»

«ሁለት» አልኳት።

ልጄ ከፊት ወንበር ዞራ አየችኝ።