ጎሊና የወሰዳት መኪና

ነገሩ የሆነው አምና በበልግ መግቢያ ላይ ነው። በሙያዬ ከዚህ የከበደ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ይሄኛው ለምን ከአእምሮዬ እንደማይወጣ አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ። ሰው የሞተበት ቀን እንኳ አይደለም። ምናልባት ያን ቀን በጣም ደክሞኝ ስለነበር ይሆናል።

ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም ውስጥ ነው። ቆቦ ተመድቤ ስመጣ ቶሎ እቀየራለሁ ብዬ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሲሄድ እዚሁ ቀረሁ። በዚያ ሰሞን ብዙ ባልደረቦቼ ለቀው ስለነበር የእነሱንም ተራ የምንሸፍነው እኛው ነበርን። ያን ቀን አዳር ሠርቼ ወደ ቤት የገባሁት ለመተኛት ብቻ ነው።

ጫማዬን ሳላወልቅ ሰይድ በሩን አንኳኳ። ሰይድ የአከራዬ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ነው፤ ብየዳ ቤት አለው። ቤንዚን ከከተማው መጥፋት ካበዛ ወዲህ እሱና ጓደኞቹ የአሮጌ መኪና ሞተር እየነቀሉ በባትሪ የሚሠራ ሞተር መግጠም ለምደዋል። እሁድ ሲመቻቸው ደግሞ ጎረቤት ከተማችን ሮቢት አጠገብ ይወዳደሩባቸዋል።

"ሲስተር፣ ዛሬ ውድድር አለን። የሕክምና ቦርሳሽን ይዘሽ ጥላ ስር ትቀመጫለሽ፣ በቃ" አለኝ።

"ሰይድ፣ ቆሜ መሄድ እኮ አልችልም።"

"እዚያው ትተኛለሽ። ምንጣፍ ይዣለሁ።"

እትዬ ዘይነባ ከኋላው ቆመው ያዩኛል። በጦርነቱ አንድ ልጅ ያጡ እናት ናቸው። "እባክሽ ልጄ፣ አንቺ ካለሽበት ልቤ ያርፋል" ሲሉኝ ቦርሳዬን አነሳሁ።

የሚወዳደሩበት መንገድ ማሽላ ታጭዶ ባዶ ከቀረ ማሳ ይነሳና ቁልቁል ወደ ደረቁ የጎሊና ወንዝ ይገባል። አሸዋውን አቋርጦ በወዲያኛው ዳር ይወጣና ዞሮ ይመለሳል። የመኪኖቹን የዕቃ ቦታ ባትሪ ሞልቶታል፤ ቢገለበጡ ጣሪያቸው እንዳይደፈጠጥ ከውስጥ የብረት ቱቦ ተበይዶላቸዋል።

ከተወዳዳሪዎቹ በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ካሳው ነው። የእሱ መኪና ለጨዋታ ብቻ የተሠራች አልነበረችም፤ በአዘቦት ቀን ከሮቢት ቆቦ ሰው እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርባት ናት። ከሰይድ ጋር ተኳርፈዋል። ባለፈው ውድድር ሰይድ እቀድማለሁ ብሎ ሲጋፋ በሩን ገጭቶበት ነበር፤ ይቅርታም አላለውም።

የቤንዚን መኪና ቢሆን ጩኸቱ አያስተኛም። እነዚህ ግን ጠጠር ሲረግጡ ከሚሰማው በቀር ድምፅ የላቸውም። ግራሩ ስር ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በሰው ጩኸት ነው። የሰይድ መኪና ወንዙ መሀል አሸዋው ላይ በጎኗ ወድቃለች። ቦርሳዬን ይዤ ቁልቁል ሮጥኩ። ሰው ከቧታል፤ የሚነካት ግን የለም። "ኤሌክትሪክ ናት፣ ትይዝሃለች!" ይባባላሉ። እኔም ፈርቻለሁ። በተሰበረው የፊት መስታወት በኩል እጄን ሰድጄ የሰይድን ትከሻ ያዝኩ። ራሱን ያውቃል። ግራ እግሩ በመስኮቱ ወጥቶ ከመኪናዋ ስር ተቀብሯል።

በዚህ መሀል አንድ ገበሬ ከዳር ሆኖ "ደራሽ! ደራሽ መጣ!" ብሎ ጮኸ። ቀና አልኩ። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ግን ጠቁሯል። ዝናቡ እዚያ ጥሎ ጎርፉ ወደ እኛ እየወረደ ነበር። ከሩቅ ድንጋይ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ሰዉ ሁሉ ወደ ዳር ሸሸ።

"ሂጂ ሲስተር" አለኝ ሰይድ። "ወላሂ ሂጂ። ለእናቴ አንቺ ንገሪያት።"

ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? መሄድ አቃተኝ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ትከሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ጋሽ ካሳው ከሁሉም ቀድሞ ወዲያኛው ዳር ወጥቶ ነበር። መኪናውን አዙሮ ተመልሶ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየሁት። እንደደረሰ መጀመሪያ የሰይድን መኪና ባትሪ ማጥፊያ አጠፋ። ከዚያ ገመድ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ከብረት ቱቦው፣ ሌላውን ከራሱ መኪና ጋር አሰረ።

"ብድግ ስትል እግሩን ሳቢ" አለኝ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሲነዳት ጎማዋ አሸዋውን እየቆፈረ ጎተተች። የሰይድ መኪና ትንሽ ብድግ አለች። እግሩን ሳብኩት፤ ጮኸ፤ ወጣ። የጋሽ ካሳው መኪና ግን እስከ ሆዷ አሸዋ ውስጥ ሰጠመች። ወደፊትም ወደ ኋላም አልንቀሳቀስ አለች። ጊዜ ቢኖር ሰው አግዞ ያወጣት ነበር።

ይሄ ለሰይድም ገብቶታል። "ጋሽ ካሳው፣ መኪናህ!" አለ።

"አፍህን ዝጋና አንገቴን ያዝ" አለው።

አዝሎት ወጣ። እኔ የተሰበረውን እግር ደግፌ ከጎኑ። ዳር ላይ የነበሩ ወጣቶች እጃችንን ይዘው ጎትተው አወጡን። ወዲያው ውሃው ደረሰ፤ ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልል፣ የደፈረሰ ውሃ። የሰይድን መኪና ወዲያው ገለበጣት። የጋሽ ካሳው ትንሽ ቆመች፤ ይተዋት ይሆን ብዬ ነበር። ቀስ ብሎ ፊቷን አዙሮ ወሰዳት።

ጋሽ ካሳው መሬት ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀና አሸዋውን አራገፈ።

"ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሳደርጋት ነው ያደርኩት" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

የሰይድን እግር በጣውላ አስሬ በጋሪ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ ቆቦ አደረስነው። እትዬ ዘይነባ እያለቀሱ የጋሽ ካሳውን ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ እሱ አፍሮ ወደ ኋላ ሸሸ። "ኧረ ተዉ እናቴ" ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አያምርም። ሰይድ ቢድንም ያነክሳል። "ሌላ ሠርቼ እተካልሃለሁ" ብሎ ጀምሯል፤ ዕቃው ተገኘ ሲባል መንገድ ይዘጋል፣ መንገዱ ሲከፈት ዕቃው ይጠፋል። መኪናዋ በር ሳይኖራት ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ጋሽ ካሳው የሰው ባጃጅ ይነዳል።

በቅርቡ ከሥራ ስወጣ እሱ የሚነዳት ባጃጅ ላይ ተሳፈርኩ። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

"ጋሽ ካሳው፣ አይቆጭህም?" አልኩት።

መንገድ የምታቋርጥ ላም አሳልፎ ነው የተናገረው።

"እውነቱን ልንገርሽ ሲስተር? ይቆጨኛል። ጠዋት ጠዋት የሰው ባጃጅ ልረከብ ስሄድ ቁጭቱ ያንገበግበኛል። ከሰዓት ደግሞ ሰይድ እያነከሰ ሲያልፍ አየዋለሁ። ያኔ ይለቀኛል። በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል።"

እኔ ደግ የሠራ ሰው አይቆጨውም ብዬ ነበር የማስበው።

አሁንም ቆቦ ነኝ። አሁንም ይደክመኛል። ድሮ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ "ምነው ይሄን ሙያ ባልመረጥኩ" ብዬ ሳስብ በራሴ አፍር ነበር፤ የሚያማርር ሰው በሽተኛ መንካት ያለበት አይመስለኝም ነበር። ባጃጁ ላይ ካወራንበት ቀን ወዲህ ማፈሩን ትቻለሁ። አማርራለሁ፤ ጋዎኔን እለብሳለሁ፤ እገባለሁ።