የመኮንን ሞተር እጅ ማሞቂያ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ቤዛ ሞተሯን ግቢያችን መሀል አቁማ መሪውን ስትፈታ አገኘኋት። ቂሊንጦ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ የጠዋት ፈረቃ ሲደርሳት በዚያ ብርድ ትከንፋለች። ከካርቶን ውስጥ ሁለት ጥቋቁር እጀታዎች አወጣች።

«አያቴ፣ እነዚህ እኮ ይሞቃሉ! በቁልፍ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ታደርጊዋለሽ። አዲስ ነገር ነው።»

አዲስ ስትል ሳቄ አመለጠኝ።

ደርግ በወደቀ ማግስት ገደማ፣ አቃቂ በሰቃ ስንኖር፣ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር አጠነጥን ነበር። ባለቤቴ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከብት ሐኪም ረዳት ነበር። ከብት የሚከተበው ለግጦሽ ሳይወጣ ነውና ጎህ ሲቀድ በአሮጌ ሞተሩ ወደ ገበሬዎቹ መንደር ይወጣል። የታኅሣሥን ጠዋት የአቃቂ ሰው ያውቀዋል። ሜዳው ላይ ውርጭ ይነጣል፣ ከወንዙ የሚነሳው ነፋስ ጓንት ይበሳል። ረፋድ ላይ እሸት ሽምብራ በጉያው ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ ጣቶቹ አልታጠፍ ስለሚሉት ግን እየፈለፈልኩ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አዲስ ሙሽሮች የሆንን ይመስል ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

አንድ ጠዋት ግን ድልድዩ አጠገብ አህያ ገባበት። ፍሬን ልያዝ ቢል ጣቱ አልታዘዘውም፤ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ጉልበቱ ተልጦ ሲገባ፣ አብረውን የሚኖሩት እናቱ እማማ ወርቄ ብድግ አሉ።

«ይኸን ብረት ለገና ከዚህ ግቢ አላየውም! ወይ ትሸጠዋለህ፣ ወይ እኔ ወንዝ እከተዋለሁ።»

ማድረጋቸው አይቀርም። መኮንን ደግሞ ያለ ሞተር ያን ሥራ አይሠራውም፤ ያን ሥራ ከተወ ደግሞ መኮንን መኮንን አይሆንም። ከብት ሲድን ፊቱ እንዴት እንደሚበራ የማውቀው እኔ ነኝ።

ታዲያ አንድ ቀን የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሳጸዳ፣ ያቺን የምትግል ጥቅል ሽቦ አየኋት። ይህቺ እጀታው ላይ ብትጠመጠምስ? እማማ ወርቄ ሰምተው፣ «እሰይ! ክር አጠንጣኟ መካኒክ ሆነችልን!» አሉ። መኮንን ግን ከሽቦው ቆርጦ ሰጠኝ። በለመደ እጄ፣ እንደ ክር፣ ጥቅጥቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። ከሞተሩ ባትሪ ጋር ሲገናኝ ጢስ ጢስ አለ።

«ልትጠብሺኝ ነው እንዴ?» ብሎ ዘሎ ወረደ።

ጎረቤታችን ኤሌክትሪሻኑ ለማ መጥቶ አየና፣ «እህቴ፣ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ መብራቱ በአቋራጭ ያልፍና ያቃጥላል። እንደ ክር አታስጠጊው» አለኝ። ምክሩን ይዤ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ሳላስጠጋ ልጠምጥም ብል ይንሸራተታል። በኋላ መጣልኝ፤ ሽቦውንና ወፍራም የጥጥ ክር ጎን ለጎን ይዤ ሁለቱን አብሬ አጠነጠንኳቸው። ክሩ መሀል እየገባ ሽቦውን ከሽቦ ለያየው። ሥራዬ አይደል! ለማ ከአሮጌ መኪና የፈታውን ማብሪያ ገጠመልኝ፤ አንዴ ሲዞር ለብ፣ ሁለቴ ሲዞር ሞቅ።

በላዩ ከጎማ ውስጥ የሚገባውን ከመነዳሪ ቆርጠን አለበስነው። ቤንዚን መስጫው በኩል እጀታው ስለሚዞር ሽቦው እንዳይበጠስ ላላ አድርገን ተውነው። ያም ሆኖ የቀኙ ሲሞቅ የግራው በረዶ ሆነ። ወዲያና ወዲህ ስንዳብሰው፣ ለካ የግራው እጀታ በባዶ ብረት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ብረቱ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ፈታሁትና ከሥሩ የአቡጀዴ ቁራጭ ጠቀለልኩበት። እኩል ሆኑ።

ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው መኮንን በማለዳ ወጣ። እማማ ወርቄ ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ ቀርቼ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ረፋድ ላይ ተሰማ። መኮንን ወረደ፣ ከጉያው እሸቱን አወጣና ቆሞ፣ በገዛ ጣቶቹ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ፈልፍሎ እናቱ መዳፍ ላይ ዘገነላቸው። እሳቸው ሽምብራውን ትተው ጣቶቹን ያዙ፤ አገላብጠው ዳሰሱ።

«ይሞቃል» አሉ ቀስ ብለው። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ።»

የሞተሩ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት መኮንን ሞተሩን ሲያስነሳ፣ እማማ ወርቄ «ቆይ እስቲ» ይሉና ቁርጥማት የያዛቸውን እጆቻቸውን እጀታው ላይ አሙቀው ነበር የሚሸኙት።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ቤዛ ጠራችኝ።

«አያቴ፣ የግራው አይሞቅም። ተበላሽቷል፤ ልመልሰው?»

«አልተበላሸም። ብረቱ እየጠጣው ነው። አውልቂው፣ ጨርቅ ላምጣልሽ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ከእጄ የወጣ ነገር ግን አልረሳም። መኮንን ካረፈ ቆየ፣ ሞተሩም የማን ቆርቆሮ እንደሆነ እንጃ፤ የእጄ ሥራ ግን ዛሬም አብሮኝ አለ።

በማግስቱ ቤዛ ከፈረቃ ስትመለስ ከበሩ ሳታልፍ ሁለት ጉንጮቼን ያዘችኝ። እጆቿ ሁለቱም እኩል ይሞቁ ነበር።