አጎቴ ድንጋይ ሲወቅር

አጎቴ ሙያውን ደብቆኛል። ከሚሴ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት አብረን ስንሠራ፣ የወፍጮውን ድንጋይ በወቀረ ቁጥር ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር። በጎልማሳነቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ባዳ ነው፤ የእናቴ ወንድም ግን አንዲት የመዶሻ ምት ነፈገኝ።

«አሳየኝ» ስለው፣ በኦሮምኛ «ኦብሲ»፣ ታገስ፣ ብሎ «ባቲ እያለሁ ያስተማርኩት ባልደረባዬ ነው ከእንጀራዬ የነቀለኝ» ይለኛል።

«እኔ እሱ ነኝ?» ስለው ጀርባውን አዙሮ ይወቅራል።

ዓይኑ ሲደክም የወቀረው ድንጋይ የጨፋ ገበሬዎችን ማሽላ አሻክሮ ፈጨ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መጥቶ «ማነው የወቀረው?» ብሎ ጮኸ። አጎቴን ሊያባርረው እንደሆነ ገባኝና «እኔ ነኝ» አልኩ። አጎቴ ቆሞ እያየ ስድቡን ጠጣሁ።

ድንጋዩ እንደገና ሲወቀር ግን መዶሻውን ዘረጋልኝ። «ና፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጥ። መሐሉን ጠለቅ፣ ጠርዙን ሳሳ አድርገህ ምታ፣ አንተ ግትር!»

ከዚያ ወዲህ ፊቱን እያየሁ ወቀርኩ። ቀጣዩ መከር ሳይደርስ አላህ ወሰደው፤ ይዘንለት። ዛሬ ድንጋዩን ስወቅር ከማዶ የሚቀመጥ የለም። ያ ጀርባው እንኳ ይናፍቀኛል።

ቂሜ ከልቤ የወጣው መዶሻውን በሰጠኝ ቀን ነው፤ ረመዳን ሊገባ ሲል በነበረው ጁምዓ።