ፓንቴ ያላየው ፀሐይ

እትዬ የአገሬ ሰው መሆኗ ነው ከሁሉ በላይ አንጀቴን የሚያሳርረው። አያቷ በባቡሩ ዘመን መጥተው ጅቡቲ የቀሩ፣ እሷም እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ እንደኔው የምትናገር፣ እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሴት ነበረች። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ቤቷ ስቀጠር “እሰይ፣ የባዕድ ቤት አልገባሁ” ብዬ ነበር። ሞኝ! ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፤ አሁን ግን አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ።

ቤቱ ሕግ ነበረው። ሠራተኛ ላብ ላብ መሽተት የለባትም፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ እሷ በምትሰጠኝ ሽቶ ሳሙና እታጠባለሁ። የእኔ የውስጥ ልብስ ደግሞ ጣራው ላይ አይሰጣም። “ጋሼ ያያል፣ ነውር ነው” አለችኝ፤ ባሏን ማለቷ ነው። የእሷ ዳንቴል ፓንት እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ ነውር የለውም፣ የእኔ ነው ነውሩ! ከካርቲየ 4 ገበያ የገዛኋቸውን የናይለን ፓንቶች መስኮት በሌላት ክፍሌ ውስጥ ፎጣ ሸፍኜባቸው አሰጣ ነበር። አገር ቤት ክረምት ሲሆን ጅቡቲ እሳት ናት። ያልደረቀውን እለብሳለሁ፣ ላብ ይጨመርበታል፣ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ስወለውል እውላለሁ።

ከዚያ ማሳከክ ጀመረኝ። ቆዳው ቀላ፤ ሽንቴ ሲነካው እንደ በርበሬ ያቃጥለኛል። እኛ እዚያ አካባቢ ያለውን ሁሉ ማህፀን ነው የምንለው። “ማህፀኔ ተበላሸ፣ እንግዲህ ልጅ አልወልድም” ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ስታከክ እትዬ አየችኝና ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ያለ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ከፈረንሳይኛ ሌላ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ፈረንሳይኛ አልሰማም። ካየኝ በኋላ ጣቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ “ፓ ደ ሳቮን፣ ፓ ደ ሳቮን” አለ። በመስኮቱም ወደ ፀሐዩ አመለከተ።

“ምን አለ፣ እትዬ?” አልኳት።

“ንጽሕና ይጎድላታል፣ በደንብ ትታጠብ ነው የሚለው።”

“በሽታው ምንድን ነው? መውለድ እችላለሁ?”

“እሱን አላለም” አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ጣቱን ያወዛወዘው እየተቆጣኝ መስሎኝ አፈርኩ። ታጠብኩ እንግዲህ! ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ በዚያ ሳሙና ራሴን ፈተግኩት። ይብስ ነደደ። የሚተላለፍ ነገር ይዞኛል ብዬ ብርጭቆዬን ራሴ ለየሁ፤ እትዬ አየች፣ ዝም አለች። አቅፌ የማስተኛትን የሦስት ዓመት ልጇን መሳም ተውኩ። ልጅቷ እጆቿን ዘርግታ ስትመጣ ዞር እላለሁ፤ እትዬ ይህንንም አየች፣ ዝም አለች።

ልጅቷም የምትታጠበው በዚያው ሳሙና አረፋ ውስጥ ተዘፍዝፋ ነበር። አንድ ጠዋት “ያቃጥለኛል” ብላ አልሸናም አለች። እኔ ነኝ ያስያዝኳት ብዬ እትዬ እግር ላይ ወደቅኩ። “ተነሺ” አለችኝ።

ልጅቷን አዝዬ እዚያው ሐኪም ዘንድ ሄድን። ያው ጣት፣ ያው “ፓ ደ ሳቮን”፣ ያው መስኮት። አሁን ግን የልጅቷን ገላ የማጥበው እኔ ነኝና እትዬ አንድም ቃል ሳታስቀር ተረጎመችልኝ።

“ስሚ፣ በሽታ አይደለም፣ የሚተላለፍም አይደለም፤ ቆዳው ነው የተቆጣው። ሳሙና የሚባል እንዳታስነኪው፤ በውኃ ብቻ አጥበሽ፣ ሳትፈትጊ ጠብ ጠብ አድርገሽ ታደርቂዋለሽ። ከዚያ ቫዝሊን ቢጤ ትቀቢያታለሽ። ፓንቷ ጥጥ ይሁን፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ማታ ያለ ፓንት ትተኛ። ካልተሻላት ወይም ከቆሰለ እንመለሳለን።”

ወይ ነዶ! “ፓ ደ ሳቮን” ለካ “ሳሙና ይቅር” ማለት ኖሯል!

“እትዬ፣ ያኔ ለእኔስ ምን ብሎኝ ነበር?”

“አሁን ስለ ልጄ ነው የምናወራው” አለች።

ቤት ስንገባ የልጅቷን ፓንቶች አጥቤ ጣራው ላይ አሰጣሁ። የእኔንም ከጎናቸው ሰቀልኩ። ከዚያ ልጅቷን አቅፌ ጉንጯን፣ አንገቷን፣ እጆቿን ሳምኳቸው፤ ያ ሁሉ ጊዜ ያመለጠኝን ሁሉ ሳምኩ። እትዬ ደረጃውን ወጥታ ገመዱን አየች፣ እኔንም አየች። ይቅርታ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ጠበቅኩ።

“ጋሼ ሳይመጣ ያንቺን አውርጂ” አለችኝ።